በመንታ መንገድ የቀረ ሙቀት

ኢንስፔክተር ረጋሳ ሰው ተቀምጦበት በነበረ ወንበር ላይ መዳፉን ሲያሳርፍ ማን እንደተቀመጠበት ያውቃል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የዘለለ ማብራሪያ እሱም የለው። ሰው ተነስቶ ሲሄድ ከዕቃው ላይ የሚቀር ሙቀት አለ። ለእኔና ለእናንተ ደቂቃ ሳይሞላው ይጠፋል፤ ለረጋሳ ግን በሱፍና በጥጥ ላይ ግማሽ ቀን፣ በድንጋይ ላይ ሦስት አራት ሰዓት ይቆያል። ብረት ምንም አይነግረውም፤ "ብረት ከሃዲ ነው" ይላል። የአንዱ ሰው ሙቀት ደግሞ ከሌላው አይገጥምም። የቁጡ ሰው ሙቀት ዳር ዳሩን ይለበልባል፤ የፈራ ሰው ሙቀት ይቆራረጣል፤ ያዘነ ሰው የተቀመጠበት ቦታ ቶሎ አይለቅም።

ይህ ስጦታ የሚሠራው በብርድ አገር ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ቆላ፣ ወደ ደሎ መና አዛውረውት ሁለት ዓመት ሙሉ የዶሮ ሌባ እንኳ ሳይዝ ተመለሰ። እዚያ ድንጋዩም ዛፉም ፍየሉም ትኩስ ነው፤ ምኑ ከምኑ ይለያል? ጎባ ግን ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ብርድ ሌሊቱን ሁሉን ነገር አጥቦ ያድርለታል። ከተማው ይህን ያውቃል። ሴቶች ቤታቸው ሲገባ "ቁም! የስንቱን ጉድ ልታነብ ነው?" እያሉ ይቀልዱበታል፤ ቀልደውም አይቀሩ፣ እውነትም ዱካቸውን ይሸሽጋሉ። ዳኛ ፊት ቀርቦ "መዳፌ ነገረኝ" ማለት ስለማይቻል፣ መዳፉ የነገረውን ከሰው አፍ እንደገና ማውጣት የዕድሜ ልክ ሥራው ሆኖ ቀረ።

በሐምሌ ወር አንድ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከገበያው ጀርባ ካለ ግቢ ኡኡታ ተሰማ። የስምንት ቀን ሕፃን ጠፋ ተባለ።

ረጋሳ ሲደርስ ጉሙ ገና ከመሬት አልተነሳም ነበር። ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ጎረቤት ከወገቡ በታች እግር የለውም፤ ነጭ ነጠላዎች ብቻ ወዲያና ወዲህ ይንሳፈፋሉ። የለቅሶው ድምፅ እንኳ በጉሙ ታፍኖ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። የሕፃኑ እናት ኤደን በባዶ እግሯ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ኤደን ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች፤ አንዱን በሦስት ቀኑ፣ አንዱን በአምስት ቀኑ። ይህ ሦስተኛዋ ነው። ባሏ ፍቅረየሱስ ሮቤ ባለ መሥሪያ ቤት ስለሚሠራ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄዷል፤ ተደውሎለት እየተመለሰ ነው።

"ጋሼ ረጋሳ" አለችው። "ዛሬ ሐኪም ቤት ላደርሰው ነበር እኮ። ዓይኑ ላይ የነበረው ቢጫ ትናንት ማታ ሆዱ ላይ ደረሰ። ሐኪሙ 'ከደረቱ ካለፈ በነጋታው አምጪው፤ ሌላ ሌሊት እንዳታሳድሪው' ብሎኛል። የሁለቱም እንዲህ ነበር የጀመራቸው። ደሜ ከደማቸው አይስማማም።"

ስለዚህ ረጋሳ የሚፈልገው ሌባ ብቻ አልነበረም። ዛሬ ሳይመሽ ያልተገኘ ሕፃን ነገ ቢገኝ ዋጋ የለውም። ኤደን ይህን በቃሏ አልተናገረችውም፤ ሁለቱም ግን ያውቁታል።

ከግቢው ጥግ ሁለት ፖሊሶች አንዲት ልጅ ይዘዋል። ሞሚና ትባላለች፤ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ ከቆላው፣ ከብድሬ ከመጣች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሕፃኑ የጠፋው ኤደን ሸለብ ባደረጋት ጊዜ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሞሚና ቤት ውስጥ አልነበረችም። በዚያ ላይ ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ አልጋዋ ሥር ተገኘ። "ለእህቴ ሠርግ በሚቀጥለው ሳምንት ልሄድ ነው፤ እትዬ ኤደን ታውቃለች" ብትል ማን ይሰማታል? ጎረቤቱ ፈርዶ ጨርሷል።

"ወላሂ ጋሼ፣ እማማ ናቸው የላኩኝ!" አለች ረጋሳን ስታይ። "ክብሪት ግዢ አሉኝ። ሱቁ ዝግ ነበር፤ እስኪከፈት ቆምኩ። እማማን ይጠይቋቸው! እማማ፣ ይንገሯቸው እንጂ!"

እማማ የተባሉት የፍቅረየሱስ እናት ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንገታቸውን ቀና ሳያደርጉ፣ "እኔ የትም አላክኋትም። ከአልጋዬም አልተነሳሁም" አሉ።

ሞሚና መማሏን አቆመች። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ "ልጄ" እያሉ የጠሯትን ሴት አየቻቸው። ፖሊሶቹ ሲወስዷትም አልታገለችም፤ ጉሙ ውስጥ ገብታ ጠፋች።

ረጋሳ ወደ ጓዳ ገባ። ከኤደን ጎን፣ ሕፃኑ ተኝቶበት በነበረው የጥጥ ፍራሽ ላይ መዳፉን አሳረፈ። የሕፃኑን ሙቀት ወዲያው አገኘው፤ ከዶሮ ሥር አሁን የወጣ እንቁላል ታክላለች፤ ጠርዟ ላይ ግን ሳስታለች። ሕፃኑ ታሟል። ከሥሩ የገቡትን እጆችም አገኛቸው። የአሮጊት እጆች ናቸው፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ የማይንቀጠቀጥ ሙቀት። ቀጥሎ የወይዘሮ ወለተኢየሱስን አልጋ ነካ። አልጋው ከንጋት ጀምሮ ባዶ ነበር።

ተመልሶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። "እማማ፣ ብርዱ አጥንቴ ገባ። ጋቢዎን ለትንሽ ያውሱኝ።"

አሮጊቷ የከተማውን ወሬ የረሱ ይመስላል፤ ወይም ደግ ሰው ስለሆኑ እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። አውልቀው ሰጡት። ረጋሳ ደርቦት እጁን ከደረቱ እጥፋት ውስጥ ከተተ። እንቁላሏ እዚያ ነበረች። እሱን ያስገረመው ግን ይህ አይደለም። የወይዘሮ ወለተኢየሱስ ሙቀት አልተቆራረጠም፤ አይለበልብም። እንግዳ የሚጠብቅና ሁሉን አሰናድቶ የጨረሰ ሰው ሙቀት ነው። የልጅ ልጇ የተሰረቀባት ሴት እንዴት እንዲህ ታርፋለች?

"እማማ፣ ልጁን የት አደረሱት?" አላቸው በጆሯቸው።

መቁጠሪያው ቆመ። በጣም ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ እስከ ቀትር ታገሠኝ። ቀትር ሲሆን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል" አሉት።

"ሞሚናስ? እስር ቤት ናት እኮ።"

"እስከ ቀትር ነው። ምን ትሆናለች? እክሳታለሁ።"

"ልጁ ታሟል፣ እማማ። እስከ ቀትር ለምን?"

"ከዚህ በላይ አታናግረኝ። ከተናገርኩ ይሰማል" አሉና ከንፈራቸውን ገጠሙ። ማን እንደሚሰማ አልነገሩትም።

ረጋሳ ጋቢውን እንደደረበ ወጣ። የግቢው በር እንጨት ላይ አሮጊቷ ተደግፈው ነበር። ከዚያ ቁልቁል፣ የአጥሩ ካስማ ላይ፣ ከዚያም አንድ ጉቶ ላይ። ጉሙ ከፊት ለፊቱ እየተከፈተ ከኋላው ይዘጋል፤ ከተማው ውስጥ መሆኑን የሚነግረው የባጃጅ ድምፅ ብቻ ነው። እንዲህ ከአንዱ ሙቀት ወደ ሌላው እየተሻገረ መንገዱ ለሁለት የሚሰነጠቅበት ቦታ ደረሰ። አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይወጣል፤ አንዱ ወደ ሳነቴ መንገድ ይሄዳል። መሀሉ ላይ ዝርግ ድንጋይ አለ።

ድንጋዩ ላይ መዳፉን ዘረጋ። ሕፃኑ እዚህ ተኝቶ ነበር። አሮጊቷ አጠገቡ ተንበርክከው ነበር። ሕፃኑን የጣሉት አይመስልም፤ ጉልበታቸው የነካው ቦታ እስካሁን ልመና አለበት። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን የማያውቀው ሰው ነው። ሁለት ሰፋፊ እጆች፣ ሥራ የለመዱ፣ ሕፃኑን ከነጨርቁ አንስተውታል።

ያኔ ነገሩ ገባው። ረጋሳ የተወለደው አጋርፋ ነው፤ እናቱ፣ ጎረቤቶቻቸው የነበሩት አማሮች እንዲህ ሲያደርጉ አይታ ትነግረው ነበር። ልጅ የማይበረክትላት እናት ሾተላይ አለባት ይባላል። ሾተላይን ማታለል የሚቻለው ልጁ የእሷ እንዳልሆነ በማስመሰል ነው። ሕፃኑን በንጋት መንታ መንገድ ላይ ይጥሉታል፤ የጣለው ሰው ዞሮ አያይም። ልጆቿ የበረከቱላት ሴት በአጋጣሚ እንዳለፈች ሆና ታነሳዋለች። ቀትር ላይ ቤተሰቡ ሄዶ፣ እንደ ባዕድ ልጅ፣ በጭብጥ ጨው ይገዛዋል። እስኪገዛ ድረስ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ሞት ከሰማ ልጁ የማን እንደሆነ ያውቃል።

ልጆች የበረከቱላት ሴት ደግሞ በሰፈሩ አንዲት ብቻ ናት። ወይዘሮ ማናልበሽ ሰባት ወልዳ ሰባቱንም አሳድጋለች። ረጋሳ ቤቷ ሄዶ እጇን ጨበጠ። ድንጋዩ ላይ ያገኘው እጅ የእሷ አይደለም።

"ልጁን አላነሳሽውም" አላት።

"የምን ልጅ?" አለች ማናልበሽ፤ ፊቷ ቀልቶ።

"ማናልበሽ፣ ልጁ እውነትም ጠፍቷል። ታሟል። አሁን ዝም የምትይበት ጊዜ አይደለም።"

ሴትዮዋ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "እኔ ስደርስ ድንጋዩ ባዶ ነው! አንድ አሥር ደቂቃ ዘግይቼ ነበር፤ ትንሿ ልጄ አስቸግራኝ። ባዶ ሳየው፣ ሌላ ሰው አሰናድተው ይሆናል፣ ወይም ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆናል አልኩ። እንዳልጠይቅ አይጠየቅም።"

"ኡኡታውን አልሰማሽም?"

"ሰማሁ እንጂ! እሱ... የማስመሰያው ለቅሶ መስሎኝ። ሾተላይ እንዲያምን የሚለቀስ። ከልብ አስለቅሰዋታል ብዬ ተደንቄ ነበር።"

ረጋሳ አልተቆጣም፤ ለመቆጣት ጊዜ አልነበረውም። አንዲቱ ልጁ በሌላይቱ እጅ አለ ብላ በእርጋታ መቁጠሪያ ትቆጥራለች፤ ሌላይቱ ቤቷ ተቀምጣ ለቅሶውን ታደንቃለች። መሀል ላይ ሕፃኑ በሰው እጅ ወደ ጉም ገብቷል።

ለወይዘሮ ወለተኢየሱስ ሲነግራቸው አልጮሁም። መቁጠሪያው ከእጃቸው ወደቀ፤ ሊያነሱትም አልሞከሩም። "ዞሬ አላየሁም" አሉ። "አይታይማ። ዞር ብል ኖሮ እኮ ያነሳውን ሰው አየው ነበር።" ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ከዚያ ምራታቸውን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። ኤደን ግን ጫማዋን እያደረገች ነበር።

"አንቺ ሐኪም ቤት ሂጂና ሐኪሙን አስጠብቂ" አላት ረጋሳ። "እኔ አመጣዋለሁ።" ለምን እንዲህ ያለ ቃል እንደሰጣት አያውቅም። ፖሊስ እንዲህ አይልም። ለጣቢያው ደውሎ ሞሚና ትለቀቅ ሲል አዛዡ፣ "ልጁ ይገኝ፤ ከዚያ ትለቀቃለች" ብሎ ስልኩን ዘጋበት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ፤ ያውም ማን እንዳከከ ከታወቀ በኋላ።

ከመንታው መንገድ ወረድ ብሎ የፈረስ ጋሪዎች ይቆማሉ። ጋሪ ነጂው ማሜ የፈረሱን ጀርባ በጆንያ እያሸ ነበር።

"ዛሬ ንጋት ላይ በዚህ ያለፈ ሰው አለ? ገበያ የሚሄድ?" አለው ረጋሳ።

"አንድ ጉደኛ ሴት አለች" አለ ማሜ እየሳቀ። "ከላይ ከአስታው ሰፈር የምትመጣ፣ ኡርጂ የምትባል የደራራ ሚስት። ሮቤ ቅቤ ልትሸጥ ቅሏን ጋሪዬ ላይ አስቀምጣ፣ 'መጣሁ' ብላ ወደ መንታው ወጣ አለች። ስትመለስ ነጠላዋ ሥር አንድ ነገር አቅፋለች። 'ተሳፈሪ' ስላት አየችኝ፤ ግን አላየችኝም። ቅቤዋን ትታ ሽቅብ ወደ አገሯ ገሰገሰች። ገበያ ሳይደርስ ከገበያ የሚመለስ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

ቅሉ ገና ጋሪው ላይ ነበር። ረጋሳ ታቀፈው። እነዚያ ሰፋፊ እጆች ናቸው።

የጣቢያውን መኪና ራሱ እየነዳ ሽቅብ ወጣ። የጽዱ ዛፍ አለቀና የአስታው ቁጥቋጦ ጀመረ፤ ሽበታም ቅጠሉ ላይ ውሃ ተንጠልጥሏል። ጉሙ ከመኪናው ጋር እኩል የሚሄድ ይመስላል። ቅቤው በጭኑ ላይ ነው። መንገደኛ አረፍ የሚልበት ድንጋይ ባየ ቁጥር እየወረደ ይነካል። የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ኡርጂ አርፋለች፤ ሙቀቷ መላ ድንጋዩን ሞልቶታል። ረጋሳ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ደስታ ነክቶ አያውቅም፤ እጁን ሲያነሳ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አገኘው። ሁለተኛው ድንጋይ ላይም ያው ደስታ ነው፤ እዚያ ለልጁ ዘፍናለታለች ብሎ ሊምል ምንም አልቀረው። የጠፋውን ልጅ ረስቶ ሴትዮዋ ቤቷ እንድትደርስ ለአፍታ ተመኘ፤ ተመኝቶም ራሱን ታዘበ።

ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ግራ ተጋባ። እዚያ ሁለት ጊዜ ተቀምጣለች። አንዱ አሮጌ ነው፣ ሽቅብ ስትወጣ የተወችው። ሌላው ትኩስ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላውም፤ ፊቱም ወደ ጎባ ነው። ይህኛው ሙቀት የተቆራረጠ ነው። የእንቁላሏም ሙቀት አጠገቡ አለ፤ አንሳለች።

"ተመልሳለች" አለ ረጋሳ ለራሱ። በጉሙ ውስጥ ሳይተያዩ ተላልፈዋል፤ እሷ በአቋራጩ ቁልቁል፣ እሱ በመኪና መንገዱ ሽቅብ። መኪናውን አዞረ።

ከከተማው መግቢያ አጠገብ ደረሰባት። ኡርጂ ወደ አርባ የተጠጋች፣ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት ናት፤ ትሮጣለች ለማለት በማይቻል፣ ትራመዳለች ለማለትም በማይቻል ሁኔታ ትሄዳለች። የፖሊስ መኪናውን ስታይ አልሸሸችም። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ልጁን አሳየችው። ጡቶቿ መሀል፣ ገላዋ ላይ ተጣብቋል።

"አካም ቡልቴ፣ አደ ኡርጂ" አላት ረጋሳ ቀስ ብሎ በኦሮምኛ፤ እንደምን አደርሽ ማለቱ ነው። "ግቢ።"

"ሌባ አይደለሁም።"

"አውቃለሁ።"

ገባች። ትንሽ እንደሄዱ ሳይጠይቃት ጀመረች። "አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋቀዮን፣ ፈጣሪዬን፣ ለመንኩ። ዛሬ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ሰጠኝ። ሰጠኝ ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅ የሰው ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ይህን አልደብቅም። ቤቴ ወስጄ ገላውን ላጥበው ስፈታው፣ እግሩ ጫፍ ድረስ ቢጫ ነው። ጡት አስመስዬ ጣቴን ሰጠሁት፤ አልጠባም። ደራራ 'ነገ ይሻለዋል' አለኝ። እኔ ግን ሐኪም ቤት እየወሰድኩት ነው። የማን ነው ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ።"

ረጋሳ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ የሕፃኑን እግር ነካ። ሙቀቱ ከእግሩ እየለቀቀ ነው። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጠው።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ኤደን ቆማለች፤ አጠገቧ አንዲት ነርስ አለች፤ ሐኪሙም ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ኡርጂ ልጁን እንዳቀፈች መተላለፊያው ውስጥ ስትገባ ግን ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ከፊት ለፊት ተደቀኑ። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ጭብጥ ጨው ዘረጉ።

"መጀመሪያ ልግዛው!" አሉ። "ሳይገዛ ከገባ ይሞታል። አንቺ ነሽ ያነሳሽው፤ ያንቺ ነው። ሽጪልኝ፣ ልጄ። እግርሽ ላይ ልውደቅ።" ወደቁም።

ኡርጂ ጨውን አየች። ነገሩን ለማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ባሌ ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ልጁን ወደ ገላዋ አጥብቃ አቀፈች።

"አልሸጥም" አለች።

ነርሷ ጮኸች። ኤደን እጇን ዘርግታ መሀል ላይ ቀረች። በሾተላይ አታምንም፤ ግን ሁለት ልጅ ቀብራለች፤ ሁለት ልጅ የቀበረ ሰው ምን እንደማያምን በምን ያውቃል? ረጋሳ ሕግ በእጁ ነው፤ ነጥቆ መስጠት ይችላል። አንድ እርምጃ ተራመደ። ከዚያ የኡርጂን ፊት አየና ቆመ።

ኡርጂ አሮጊቷን አላየችም፤ እሱንም አላየችም። ኤደንን ነበር የምታየው፤ የረጠበ ቀሚሷን፣ ወተት ያፈሰሰውን ደረቷን። ከግድግዳው ጥግ የእንጨት አግዳሚ አለ። ሄዳ ልጁን በነጠላዋ እንደጠቀለለች እዚያ ላይ አስተኛችው።

"ሽያጭ የለም" አለች። "ተጥሎ አገኘሁት፤ እኔም ጥዬው እሄዳለሁ። ያነሳችው ትውሰደው።"

ጀርባዋን ሰጥታ ወደ በሩ መራመድ ጀመረች። ያለ ነጠላ መተላለፊያውን ሁሉ ሄደች። ዞራ አላየችም። ኤደን ልጁን አፈፍ አድርጋ ስትሮጥ የጫማዋ ድምፅ ከኋላዋ ተሰማ፤ ያኔም አልዞረችም።

ሕፃኑን ሰማያዊ ብርሃን ሥር አስተኙት፤ ዓይኑን በጨርቅ ሸፈኑለት። ክፍሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። ሐኪሙ ደም አስመጣ፤ ላብ በላብ ሆኖ ገብቶ ወጣ፤ ሰባት ሰዓት ላይ፣ "ደርሳችኋል። አንድ ሌሊት ቢያድር ኖሮ አልችለውም ነበር" አለ። ፍቅረየሱስ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ረጋሳ ወደ ውጭ ሲወጣ ኡርጂ የግቢው በር ላይ ቆማለች። ስታየው ተጠጋችው።

"ጠባ" አላት። "አሁን አለቀሰ፤ ከዚያም ጠባ።"

ራሷን ነቀነቀች። መኪናው ውስጥ የቀረውን ቅቤ ሲሰጣት አልተቀበለችም። "ለአራሷ ስጧት፤ አናቷን ትቀባው" ብላ ጉሙ ወደወረደበት መንገድ ሄደች። ረጋሳ በዚያ ቀን በጻፈው ሪፖርት ላይ አንዲት ገበሬ ሴት ተጥሎ ያገኘችውን ሕፃን በዕለቱ ሐኪም ቤት አደረሰች ብሎ አሰፈረ፤ ውሸት አልጻፈም።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ሞሚናን አስለቀቀ። ጣቢያው ደጅ ላይ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ጨውም ከእጃቸው አልተለየም። ሞሚና ስታያቸው ቆመች።

"ልጁስ?" አለች መጀመሪያ።

"ድኗል።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ዓይኖቿን ጨፍና። ስምንቱንም ቀን ገላውን ያጠበችው እሷ ነበረች።

አሮጊቷ ተጠጓት። "ልጄ፣ በደልኩሽ። አንቺን ለግማሽ ቀን ባሳስር ልጁ ለዕድሜ ልኩ ይተርፋል ብዬ ነው። ለእሱ የያዝኩትን ጨው እሷ አልተቀበለችኝም። ለአንቺ አመጣሁት። ቤቴ ተመለሽ፤ እንደ ልጄ ልይሽ፣ ልግዛሽ።"

ሞሚና የተዘረጋውን እጅ አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ ረጋሳ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር ብሎ አሰበ።

"እማማ" አለች ቀስ ብላ፣ "እኔ እኮ የተጣልኩ አይደለሁም። እናት አለችኝ።"

ሻንጣዋን ከፖሊሱ ተቀብላ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መኪና ወደቆመበት ወረደች። ከዚያ ነገ ወደ ብድሬ መኪና ታገኛለች። ረዳቱ ሻንጣዋን ጣሪያው ላይ አሰረላት፤ እሷም መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። መኪናው በሳነቴ መንገድ ሽቅብ ወጥቶ ጉሙ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ጨውን እንደያዙ መንገዱ ዳር ቆመው አዩ።